ደብዛዛው ፊት ወደ ታች

ሐሙስ፣ የወሩ አሥራ ሁለተኛ ቀን
ከስቱዲዮው፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ደኅና አይደለሁም፣ ስለዚህ እሱን እንለፈው። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ሹፌሩ ጎረቤታችን ነው፤ ዝምታ የምንለው፣ አፉ ከመኪናው ቀድሞ የሚደርሰው። ባለፈው የላክሁልህን ሳትከፍት ኪስህ እንደከተትከው ነግሮኛል። ስልክህን ከለወጥክ ወዲህ አንተን የማገኝበት ሌላ መንገድ የለኝም። ይሄኛውን እባክህ እዚያው ፊቱ ክፈተው። እስክትከፍተው ድረስ ከፊትህ ንቅንቅ እንዳይል አስምዬዋለሁ፤ ታውቀዋለህ፣ ካልከፈትክለት እያወራብህ ያመሻል።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል። መሃል ላይ ሆስፒታል ደርሼ መመለስ አለብኝ። ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ ድሮም ዶሮ የጫረው ይመስላል ትለኝ ነበር።

እማዬ ታማለች። ሆዷ ውስጥ እባጭ ተገኝቶ የፊታችን ሐሙስ ቀዶ ጥገና ተይዞላታል። ከዚያ በፊት ደሟን የሚያስተካክል መድኃኒት መውሰድ አለባት፤ ሰኞ ጠዋት ካልጀመረች ሐሙስ የለም። ሐሙስ ካለፈስ ብላቸው ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና “እኔ ቃል አልገባልሽም” አሉኝ። መድኃኒቱ እዚህ ከተማ የለም። ፋርማሲ የተባለ ሁሉ ዞሬ እግሬ ቀጠነ። ያለው እናንተ ዘንድ፣ ወደቡ ላይ ነው። ዝምታ ነገ ማታ ይደርሳል፣ ቅዳሜ ይነሳል፣ እሑድ እዚህ ነው። የሐኪሙን ወረቀት ልሰጠውና ገዝቶ ሊያመጣልኝ ተነጋግረናል። ስለዚህ የምጽፍልህ ለመድኃኒቱ አይደለም።

የምጽፍልህ እማዬ ትናንት ባለችው ነገር ነው። ትራሷን ሳስተካክልላት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ “ያ ልጅ መታመሜን ያውቃል?” አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስምህን ያልጠራች ሴት! ያንተ ወሬ ሲነሳ ብድግ ብላ ጓዳ የምትገባ ሴት! እኔም እንደ ሞኝ “የቱ ልጅ?” አልኳት። ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳበች። 

ጋሼ፣ ያን ቀን አራት ሰዓት ላይ መጥተህ ነበር። አሁን አውቃለሁ። ማስረጃው ከደብዳቤው ጋር ፖስታው ውስጥ አለ። ቆይ፣ ገና አታውጣው። መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር፣ ከዚያ ታየዋለህ።

ዕውሩን ሰዓት መቼም አትረሳውም። እዚሁ ከስቱዲዮው መስኮት ፊት ለፊት እንደተገተረ ነው። ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው አሁንም ሥሩ ቆሞ አንገቱን እያጣመመ “ቁጥሩ የታለ?” ይላል። እኛም አባባ የነገረንን እንነግረዋለን፤ ሰዓቱ ሲሠራ ሹማምንቱ በምን ዓይነት ቁጥር ይጻፍ ብለው ተጣሉ፣ እስኪታረቁ ድረስ በቁጥሮቹ ፋንታ አሥራ ሁለት የመዳብ ሳህን ተለጠፈ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልታረቁም። ፊደል የለው፣ ቁጥር የለው፣ ግራና ቀኙ አንድ። ጊዜውን የምታውቀው ከሁለቱ ጠቋሚዎች አቀማመጥ ብቻ ነው። አባባ በየወሩ እየወጣ የሚወለውላቸው ሳህኖች አሁን ጠቁረዋል። በእሱ ቦታ የተቀጠረው ሰውዬ ደረጃውን የሚወጣው ደመወዝ በሚወጣበት ቀን ነው መሰለኝ። ሰዓቱ ስድስት ደቂቃ ይዘገያል። አባባ ይህን ቢያይ ሁለተኛ ይሞት ነበር።

ያን ቀን የሆነውን ታውቀዋለህ። ግን እኔ ያጠፋሁት የት ላይ እንደሆነ እንዲገባህ ከሥሩ ልንገርህ። የአባባ የልብ መድኃኒት ማታውኑ አልቆ ነበር። አንተ ጠዋት ከፋርማሲ ገዝተህ አራት ሰዓት ላይ እሚሠራበት የሰዓቱ ማማ ድረስ ልትወስድለት ነበር። እኔ አደባባዩ ላይ ሙሽሮች አነሳ ነበር፤ ጠዋት የተነሱት ከሰዓትም “አንድ ጊዜ ድገሚን” እያሉ ተመልሰው መጡብኝ። ስምንት ሰዓት ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ አባባን ደረጃው ላይ ወድቆ አገኘው። መድኃኒቱ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ማሸጊያው እንኳ አልተነካም። አንተ ግራሶ በቆርቆሮ ይዘህ እየሮጥክ መጣህ። “አራት ሰዓት ላይ በእጁ ሰጥቼዋለሁ፣ ‘እወስዳለሁ፣ አንተ ለሰዓቱ ግራሶ ፈልግልኝ’ ብሎ ላከኝ” አልክ። ሰው ግን መንሾካሾክ ጀመረ። ዘግይቶ መጥቶ ነው፣ ሞቶ ሲያገኘው ኪሱ ከተተለት ያለም ነበር።

እማዬ ያኔ አላመነቻቸውም። ይህን እንድታስታውስ እፈልጋለሁ። “ልጄ ሰጥቻለሁ ካለ ሰጥቷል” ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። እሷን የመለስኳት እኔ ነኝ።

ከቀብሩ በኋላ የሙሽሮቹን ፊልም ሳጥብ፣ ከአንዷ ሙሽራ ጀርባ፣ ፎቶው ጥግ ላይ፣ የጥፍር ያህል ሰው አየሁ። በማማው በር እየገባ ነው፣ እጁ ላይ ትንሽ እሽግ አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶናል። ያንን ትከሻ የማላውቀው ይመስልሃል? ከራሱ በላይ ሰዓቱ አለ። ጋሼ፣ በደስታ ብቻዬን ጮህኩ! አፋቸውን የማዘጋበት ነገር አገኘሁ ብዬ ያቺን ጥግ ብቻ በማጉያው ማሽን አገዘፍኳት። በሩ፣ አንተ፣ ሰዓቱ፤ ሌላ ምንም የለባትም። እንባዬን በክንዴ እየጠረግሁ ምስሉ ወረቀቱ ላይ ብቅ እስኪል ጠበቅሁ። ብቅ ሲል ለስምንት አሥር ጉዳይ ይላል።

ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ሦስቴም ለስምንት አሥር ጉዳይ ነው። ፊልም የማጥብበት ጨለማ ክፍል ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ቀድጄ ልጥለው አሰብኩ፣ እውነት መስሎኝ አልቀደድኩትም። ፎቶ አይዋሽም እያልኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኛ! ወስጄ ለእማዬ አሳየኋት። የጂኦግራፊ መምህሩ ጎረቤታችንም ተጠርቶ መጣና መነጽሩን ሰክቶ የበሩን ምሰሶ ጥላ አየ። “ጥላው ወደ ምሥራቅ ነው የወደቀው፣ ይሄ የከሰዓት ፀሐይ ነው” ብሎ ማኅተም መታበት።

አንተም አየኸው። “አራት ሰዓት ነበርኮ” ብለህ ጀመርክ። ከዚያ ፎቶውን እያየህ ድምፅህ ጠፋ፣ “እንጃ… እኔ እንጃ” አልክ። ያቺ “እንጃ” ናት የፈጀችህ። እማዬ “ፊትህን አታሳየኝ” ስትልህ ልብስህን ሸክፈህ ወጥተህ ቀረህ። ሰው አንተን እንዲጠራጠርህ ማድረጌ ሳያንስ አንተን በራስህ ላይ አስጠረጠርኩህ። ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሴትየዋ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወፈር ያለች ሴት ስቱዲዮ ገባችና ትልቅ የሠርግ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገች።

“ሰውዬውን አውጪልኝ” አለች።

“የቱን ሰውዬ?”

“ከጎኔ የቆመውን! ሌላ ማን አለ?”

“ሙሽራውን?”

“ሙሽራ ነበር። አሁን ሰውዬ ነው። እኔ ያን ቀን እንዴት እንዳማረብኝ አታይም? በሱ ምክንያት ፎቶዬ ሣጥን ውስጥ ይበስብስ? አውጪውና በእሱ ቦታ የአበባ ማስቀመጫ ምናምን አድርጊልኝ።”

“ክንድሽን ይዞ ነውኮ የቆመው።”

“ክንዴን ተዪልኝ፣ እሱን ውሰጂ።”

እየሳቅሁ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ሳቄ እዚያው ቀረ። ከሙሽራዋ ጀርባ ጥግ ላይ አንተ አለህ። ከራስህ በላይ ዕውሩ ሰዓት አራት ከአሥር ይላል።

ይህን ሙሉውን ፎቶ አይቼው አላውቅም ነበር። ያኔ እኔ ሐዘን ላይ ስለሆንኩ የሙሽሮቹን ያተመላቸው ሟቹ አለቃዬ ነው። ሴትየዋን “ነገ ተመለሺ” ብዬ ሸኘኋትና የታጠበውን የድሮ ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ ከሣጥን አውጥቼ ሙሉውን ፎቶ ለራሴ አተምኩ። ነገሩ እንዲህ ነው ጋሼ፤ ኔጋቲቭ ሁለት ፊት አለው፣ አንዱ ያብረቀርቃል፣ አንዱ ደብዛዛ ነው። አለቃዬ ሥራ ያስጀመረኝ ዕለት መጀመሪያ ያስተማረኝ “ደብዛዛው ፊት ወደ ታች” የሚለውን ነው። ከገለበጥሽው ግራው ቀኝ ይሆናል፣ ቀኙ ግራ። ጽሑፍ ያለበት ፎቶ ቢሆን ወዲያው ትነቂያለሽ፣ ፊደሉ ይገለበጣላ። እኔ ያን ቀን ማጉያው ማሽን ውስጥ ገልብጬ አስገባሁት። እኔ ያገዘፍኳት ጥግ ላይ ግን ምን ፊደል አለ? ቁጥር የሌለው ሰዓት፣ ግራና ቀኙ አንድ የሆነ በር፣ ያንተ ጀርባ። አራት ከአሥርን በመስተዋት ብታየው ለስምንት አሥር ጉዳይ ነው። ወረቀት ላይ ሣለውና ከጀርባው በብርሃን እየው። ጥላው ደግሞ አብሮ ተገልብጦ የጠዋቱ የከሰዓት መሰለ። መምህሩ አልዋሸም፣ ምስኪን። የዋሸው የኔ እጅ ነው። ፊልሙ ጠርዝ ላይ እኮ ቁጥር ነበረው! ሰባተኛዋ ፎቶ ናት፣ የከሰዓቶቹ ከሃያ በላይ ናቸው። አንድ ጊዜ ዝቅ ብዬ ባይ ኖሮ ያልቅ ነበር። አላየሁም፣ አልቅሼ ስለነበር።

አሁን ፎቶውን አውጣው። ሙሽሪትን ተዋት። ግራውን ጫፍ እይ፣ የፋርማሲው ታፔላ በትክክል ይነበባል፣ አልተገለበጠም። ከዚያ ሰዓቱን እይ። ከዚያ ራስህን እይ። ያ የያዝከው እሽግ የአባባ መድኃኒት ነው። በሰዓቱ ነው የደረስከው። አንድ ደቂቃ አላባከንክም። ያንን “እንጃ” ከዛሬ ጀምሮ ከራስህ ላይ አውርደው።

አሁን ስድስት ሰዓት አልፏል። ስድስት ተኩል ላይ የጠያቂ ሰዓት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለቱንም ፎቶ ከትቻለሁ፣ የተገለበጠችውንና ሙሉውን። ሐኪሙ “የሚያስደነግጣት ነገር በጭራሽ እንዳትነግሯት” ብለዋል። ብነግራትና አንድ ነገር ብትሆንብኝስ? አባባን አጥተን፣ እሷ ደግሞ በኔ ፎቶ ልትሞት ነው? ዝም ብልስ፣ ሐሙስ ቢላዋ ሥር ገብታ ባትመለስ፣ አንተን በደለኛ እንዳደረገች ትሂድ? “ያ ልጅ” እንዳለችህ? ምን ላድርግ ጋሼ? ድሮ እንዲህ ሲጨንቀኝ አንተን ነበር የምጠይቀው። አሁንም ይኸው እየጠየቅሁህ ነው፣ መልሱ ግን በቶሎ አይደርስልኝም።

እሄዳለሁ። ብዕሩን እዚህ ላይ አስቀምጫለሁ።

ተመለስኩ። ስምንት ከሩብ ነው፤ ዕውሩ ሰዓት ገና ስምንት ከዘጠኝ ላይ ይንቀራፈፋል። እየተጣደፍኩ ስለሆነ አንዳንዱን ፊደል ገምተህ አንብበው።

እማዬ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሾርባዋን አልነካችውም። ከጎኗ የተኛችው ሴትዮ የምትሰማ መስሎኝ በሹክሹክታ ጀመርኩ። እማዬ “ምን ታንሾካሹኪያለሽ፣ ሌባ ነሽ?” አለችኝ። በልቤ “ነኝ እንጂ” አልኩ። ሁለቱን ፎቶ ብርድ ልብሷ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁላት። አሥራ አንድ ዓመት አደባባዩን ስታቋርጥ አንድ ቀን ቀና ብላ ሰዓቱን አይታው አታውቅም፤ ጊዜ ሲያስፈልጋት መንገደኛ ትጠይቃለች። አሁን አየችው። እኔ ስለ ኔጋቲቩ፣ ስለ ደብዛዛው ፊት፣ ስለ ጥላው እቀባጥራለሁ። ቀድሞ ገብቷታል። የታፔላውን ፊደል በጣቷ ተከትላ አነበበች። ከዚያ ጣቷን ጀርባህ ላይ አሳረፈች። አላነሳቻትም።

“አራት ሰዓት ላይ መጥቷል” አለች።

“አዎ እማዬ።”

“ያ ግትር ነው ኪሱ የከተተው! አባትሽ! ስንቱን እንክብል ከአበባ ማሰሮ ውስጥ ለቅሜያለሁ መሰለሽ! ‘ዋጥኩት’ ይለኛል፣ አፈሩ ውስጥ አገኘዋለሁ። ይህን እያወቅሁ፣ ይህን እያወቅሁ እኔ…”

 ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ነርሷን ልጠራ ተነሳሁ። ክንዴን ያዘችኝ። እንዲያ ታማ ምን ያህል ጉልበት እንዳላት ብታይ!

“መቼ ነው ያወቅሽው?” አለችኝ።

ጋሼ፣ ከላይ “ባለፈው ሳምንት” ብዬ ጽፌልሃለሁ። ልሰርዘው ነበር፣ ተውኩት፣ ውሸቴ እንዳለ ይቆይ። ሴትየዋ የመጣችው ባለፈው ሳምንት አይደለም። ሰባት ወር ሆኗታል። ሰውዬውን አውጥቼላት፣ የአበባ ማስቀመጫዋን ገጥሜላት፣ ተሰናብታኝ ከሄደች ሰባት ወር። ያችን ሳትከፍት ኪስህ የከተትካትን ደብዳቤ የጻፍኩልህ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው። ብትከፍታትም ስለ ዝናቡና ስለ ቤቱ ጣሪያ ነው የምታወራህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔን እውነት ግን ከጠራ በኋላ ሰባት ወር መሳቢያ ውስጥ አሳደርኩት።

ለምን ብትለኝ፣ ፈራሁ። አንተን በአንድ ፎቶ ያባረረች እናት እኔን ምን ታደርገኛለች አልኩ። የቀረኋት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔን ደግሞ ካጣች ምን ይውጣታል አልኩ። አየህ፣ አሁንም ላሳምረው እሞክራለሁ! እውነቱ እኔ እሷን እንዳላጣ ነው። እሷን ለብቻዬ ይዤ መኖር ለምጄ ነበር። አንተ ወደብ ላይ ብቻህን ስታረጅ እኔ እዚህ “የኔ ልጅ” እየተባልኩ ሰባት ወር ጨመርኩበት። በዚያው ሰባት ወር ውስጥ እባጩ አደገ።

ይህንኑ ለእሷም ነገርኳት። ሰባቱንም ወር። ጎረቤቷ በሽተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችልን፣ እግዜር ይስጣት። እኔ የምወጣበትን በር እያየሁ ቆሜ ጠበቅሁ። ቦርሳዬን አንስቼ ነበር፣ እውነቴን ነው።

“አስቀምጪ ቦርሳውን” አለች እማዬ። “አንድ ልጅ በፎቶ አባርሬያለሁ። ሁለተኛ አላባርርም።”

ልስማት ጎንበስ ስል በመዳፏ ገፋችኝ። “ዛሬ አትሳሚኝ። ተናድጃለሁ። ነገ ትስሚኛለሽ።”

ከዚያ ቀና ብላ “የመድኃኒቱ ወረቀት የታለ?” አለችኝ። እኔ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ለዝምታ ልሰጠው ነው አልኳት። አምጪው ብላ ተቀበለችኝ። አጣጥፋ ከሙሉው ፎቶ ጀርባ፣ ልክ አንተ ባለህበት በኩል አደረገችውና መልሳ ሰጠችኝ።

“ሹፌሩ አይደለም። ልጄ ያምጣው።”

“እማዬ!” ጮህኩ። “ሰኞ ጠዋት ካልጀመርሽኮ…”

“ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም።”

“ደብዳቤውን ባይከፍተውስ? ያለፈውን አልከፈተውም። ከዚያ ቦታ ለቆ ቢሆንስ? ዝምታ ካየው ወር አልፎታል። አልመጣም ቢልስ? አልመጣም ቢል ይፈረድበታል?”

“አይፈረድበትም” አለች። “ያኔም አምጥቷል። አሁንም ያመጣል።”

ጋሼ፣ ይህን ብላ ሾርባዋን ሳበችና መጠጣት ጀመረች። ሦስት ቀን ያልቀመሰች ሴት፣ እስከ ታች ጠጥታ ሳህኑን ሰጠችኝ።

አንድ ሌላ ነገር ልናዘዝ፣ ከእንግዲህ የምደብቅህ የለኝም። ከክፍሉ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ። ወረቀቱ ጠፋብኝ ብዬ ሁለተኛ አስጻፍኳቸው። ለዝምታ በድብቅ ልሰጠው ነበር፤ አንተ ብትቀር መድኃኒቱ አይቀርም፣ እማዬም አታውቅም። የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ይዤው ቆምኩ፣ ሰው እየገፋኝ ያልፋል። ያቺ ሁለተኛ ወረቀት ምን እንደሆነች ገባኝ። ባንተ ላይ የተዘጋጀች ሌላ ማስረጃ ናት፣ “ባይመጣስ” የምትል። ቀደድኳት። ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም። አሁንም ፈርቻለሁ። እማዬ የተማመነችብህን ያህል እኔም ልተማመንብህ ብዬ ነው እንጂ ጀግና ሆኜ አይደለም።

እንግዲህ ነገ ማታ ነው የሚደርስህ። ፋርማሲዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ይከፈታሉ፣ ዝምታ ደግሞ ረፋዱ ላይ ይነሳል። ማሸጊያው ላይ ያለውን ስም ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። አንተ ጠንቃቃ ነህ፣ ልነግርህም አይገባም ነበር፣ ጭንቀት ነው። ከዝምታ አጠገብ ስትቀመጥ ጥጥ ጆሮህ ውስጥ ክተት፣ አለበለዚያ ስለ ሦስቱም ጎማዎቹ ታሪክ ትሰማለህ። አራተኛው አዲስ ነው፣ ገና ታሪክ የለውም።

እዚህ ስትደርስ ከኔ ጋር ባትነጋገር አልቀየምህም። ብትቆጣኝ ጥሩ ነው፣ ብትሰድበኝም ጥሩ ነው፣ ዝም ብትለኝ ግን አልችለውም፣ ዝምታ የሚባለው ሹፌሩ ብቻ ይብቃን። አንድ ነገር ብቻ ፍቀድልኝ። ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት እሽጉን ይዘህ የማማው በር ላይ ቁምልኝ። ፊትህን ወደኔ አድርገህ፣ ከነሰዓቱ አነሳሃለሁ። በስልክ አይደለም፣ በድሮው ካሜራ፣ በፊልም። ደብዛዛውን ፊት ሦስት ጊዜ አይቼ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቤ፣ ለእማዬ ትራስ ሥር የሚሆን አንድ አትማለሁ። ያቺን የተገለበጠች ደግሞ አንተ በእጅህ ቅደዳት፣ ለዚያ አስቀምጫታለሁ።

ዝምታ ከታች ጡሩንባውን እየነፋ ነው። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ይላል ሰዓቱ፣ ማለትም ዘጠኝ ካንድ ነው።

መንገዱን ያቅናልህ። ኮረብታውን በሰላም ያሳልፍህ፣ ከእንቅፋት ይሰውርህ፣ ያባከንኩብህን አሥራ አንድ ዓመት በዕድሜህ ላይ ጨምሮ ይመልስልህ። እማዬ ሳመችህ። እኔን አልሳመችኝም፣ አንተን ግን “ሳሚልኝ” ብላለች።

የበደለችህ እህትህ
ድንቢጥ

የመድኃኒቱ ወረቀት ከፎቶው ጀርባ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም።